ክርን ላይ የቀረች አረንጓዴ ነጥብ

ቀትር ላይ ሥራ ሲቆም ቀለም ቀቢው መጀመሪያ የሚያወጣው ምሳውን አይደለም፤ መስታወት ነው። ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ቁጭ ይላል፣ ከደረት ኪሱ የሚስቱን የድሮ የፓውደር መስታወት መዥረጥ አድርጎ በአውራ ጣቱ ከፈት ያደርጋል፣ ላምባ የነካ ጨርቅ በሌላው እጁ ይይዝና ፍለጋውን ይጀምራል። አሥሩን ጥፍሮች በየተራ ያያል። በጣቶቹ መሃል ያያል። ፊቱን ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያስሳል። ከዚያ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋና መስታወቱን ከኋላ አዙሮ ክርኑን ይፈትሻል። በመጨረሻ ጫማና ካልሲውን አውልቆ የእግሩን ጣቶችና ተረከዙን ያያል። የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ካገኘ በጨርቁ ፈግፍጎ ሳያስለቅቅ አይነሳም።

የሥራ ጓደኞቹ ከዚህ የተነሳ ባለመስታወቱ ይሉታል። ኤሌክትሪሺያኑ በተለይ ሳይነካካው ውሎ አያውቅም።

«ሙሽሪት ተኳኩላ አልጨረሰችም እንዴ?»

«ልትጨርስ ነው።»

«ለመሆኑ ዛሬ ማን ሊያይህ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«የሚያየኝማ አለ» ይላል ባለመስታወቱ፣ ተረከዙን እያገላበጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶላት ያለ ውዱእ አይሆንም፤ በውዱእ ጊዜ ደግሞ ውሃው የሚታጠበውን ቆዳ በሙሉ መንካት አለበት። እጅ እስከ ክርን፣ ፊት፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት። ለዳቦ ጋጋሪ ይህ ቀላል ነው፤ ሊጡ ከውሃው ጋር ይሄዳል። የዘይት ቀለም ግን ቆዳ ላይ ከደረቀ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ውሃው ከላይ ያልፋል እንጂ ከሥር አይገባም። ስለዚህ ቀለም ቀቢው በየቀኑ ራሱን እንደ ሌባ ይፈትሻል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሯል።

አንድ ሌላ ነገርም አለው፣ ኩራት ነው ቢባል ይሻላል። የሌላ ቀለም ቀቢ ሸሚዝ አይታችሁ የዓመቱን ሥራ ማንበብ ትችላላችሁ። የእሱ እጅጌው አጭር ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ ግን ጠዋት ሚስቱ ተኩሳ እንደሰጠችው ሆኖ ማታ ይመለሳል። «ቀለሙ የግድግዳው ነው» ይላል፣ «የግድግዳን ነገር ለብሼ ቤቴ አልገባም።» ከጣሪያ ሥር ሆኖ ሲቀባ እንኳ ጠብ አያደርግም። ሰዎች ይህን ለማየት ሲሉ ብቻ መሰላሉ ሥር ይቆማሉ፤ እሱም ዝም ብሎ ያስቆማቸዋል።

ዘመኑን የሚያስታውሰውም በቀለም ነው። ሠርጉ ክሬም ላይ ነበር፤ የሆቴል ኮሪደር እየቀባ ሄዶ አገባ። ልጁ የተወለደችው ግራጫ ላይ ነው፣ የመጋዘን በሮች። እናቱ ያረፉት ደግሞ አንድ ማንም የማይወደው ቢጫ ላይ ነው፤ ዛሬም ያንን ቢጫ ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ያን ሰሞን የሚሠሩት ባለ ሦስት ፎቅ ክሊኒክ ነበር። እዚያ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አለ፤ እጁ ለሥራ፣ ምላሱ ለነገር የተፈጠረ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ከመወጣጫ ወድቆ የቀኝ ጉልበቱ መታጠፍ እምቢ አለው። ተቀምጦም ቢሆን ግንቡን እንደ ክር ያቆማል። አዛን በተሰማ ቁጥር ግን ድንገት ሥራ ይበዛበታል፤ ወይ ሲሚንቶው ሊደርቅበት ነው፣ ወይ የግንብ ማንኪያው ጠፍቷል።

ቀለም ቀቢው አንድ ቀን ሻይ ይዞለት ሄደና አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ አይቆጡም?»

«ከተቆጣሁ ታውቀዋለህ።»

«ለምን አብረውን አይሰግዱም?»

ግንበኛው ሻዩን ተቀበለና ወደ ጉልበቱ ጠቆመ። «ይህን አታይም? ግንባሬ መሬት ካልደረሰ ምኑን ሶላት ሆነ? ግድግዳውን እስከ መስኮቱ ገንብቼ ቤት ነው፣ ግቡበት እላለሁ?» ትንሽ ፉት አለ። «ሌላውን አልተውኩም፣ እንዳትሳሳት። አላህ አንድ ነው፣ ነቢዩም መልእክተኛው ናቸው፤ ይህን በእንቅልፌም እለዋለሁ። ረመዷንን እጾማለሁ። ዘካም ቢሆን ለእሱ የሚበቃ ሀብት የኖረኝ ዓመት ሰጥቻለሁ። ሐጅ ለቻለ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አቅቶኛል እንኳን መካ። ካምስቱ ምሰሶ አንዱን ብቻ ነው ያጎደልኩት።»

«እርስዎ ግንበኛ ነዎት። አንዱን ምሰሶ ባጎድል ቤቱ ምን ይሆናል የሚሉ ሰው እርስዎ ነዎት?»

«ነገረኛ ነህ።»

«ደግሞ ቁጭ ብሎ መስገድ ይቻላል እኮ፣ ጋሼ።»

«ማን አለ?»

«ማን ይላል? ሕጉ ነው። የቻለ ቆሞ፣ ያልቻለ ቁጭ ብሎ፣ እሱም ካቃተው ጋደም ብሎ። ለሩኩዕ ጎንበስ ይላሉ፣ ለሱጁድ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላሉ፣ አለቀ።»

ግንበኛው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ አንድ ሰው የለም?»

«ጠይቀው ያውቃሉ?»

«ማፈር የሚባል ነገር አለ» አለና ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። በዚያው ተለያዩ።

የሚቀጥለው ሰኞ የበሩ ቀን ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ለትልቁ የብረት በር የመጣውን አረንጓዴ ሁሉ አልወደደውም። አንዱ የሣር ሆነበት፣ ሌላው የእንቁራሪት፣ ሦስተኛው ደግሞ የኬላ። ቀለም ቀቢው ሦስቱንም ቆርቆሮ በየልኩ ቀላቅሎ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ማንም ያላየው አንድ አረንጓዴ አወጣ። ባለቤቱ ደስ አለው፤ በሩ ከቀትር በፊት አለቀ። ጥቂት ተረፈውና በትንሽ ብልቃጥ አስቀመጠው፣ በሩ ቢጫር ለማደሻ።

ቀትር ላይ መስታወቱን አውጥቶ እንደ ወትሮው ፈተሸ፣ ታጠበ፣ ኤሌክትሪሺያኑም ታጠበ። ሊቆሙ ሲሉ ከኋላ የሆነ ነገር መሬት ሲፈገፍግ ተሰማ። ግንበኛው ነው፤ አንድ ብሎኬት እየጎተተ። ፊቱና እጁ ረጥቧል።

«ቶሎ በል» አለ፣ «ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ባለመስታወቱ ከፊት ቆመ። ኤሌክትሪሺያኑ ከኋላው ቆመ፣ ግንበኛው ጎኑ ብሎኬቱ ላይ ተቀመጠ። ሲጨርሱ ግንበኛው ቶሎ አልተነሳም።

«እንዴት ነው? ሆነ?» አለ፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን እንደሚያሳይ።

«እንከን የለውም፣ ጋሼ።»

ማግስቱንም መጣ። ከማግስቱ በስቲያም። ረቡዕ ኮፍያ አደረገ። ሐሙስ ኤሌክትሪሺያኑን ስለዘገየ ተቆጣው። ዓርብ ጁምዓ አብረው መስጊድ ሄደው ወንበር ፈልገው አስቀመጡት። ባለመስታወቱ በሆዱ ደስ እያለው፣ አፉን ግን ዘጋ። እንዲህ ያለ ሰው ከተመሰገነ እንደሚሸሽ ያውቃል።

ቅዳሜ መግሪብን ቤቱ ሰግዶ እራት ቀረበ። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣችው ልጁ ከግራው ተቀምጣለች። በልቶ ሲጨርስ ግራ እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ።

«አባዬ፣ ክርንህ ላይ የሆነ አረንጓዴ ነገር አለ።»

«አረንጓዴ?» አለች ሚስቱ። «ዛሬ ነጭ ነው የቀባሁት ያልክ መስሎኝ።»

«ነጭ ነው። ትናንትም ነጭ ነው።»

ቀና አለ። ክንዱን ዘርግቶ በመስታወቱ አየ፤ ምንም የለም። አጠፈው፤ ነጥቧ ብቅ አለች። ዘረጋው፤ ሄደች። አጠፈው፤ መጣች። ክርን ሲዘረጋ ቆዳው ይጨማደዳል፤ ነጥቧ ከጭምድዱ ውስጥ ገብታ ተኝታ ኖሯል። አራት አምስት ጊዜ ደጋገመው።

«ምን ሆነሃል?» አለች ሚስቱ። «ልትበር ነው?»

አልሳቀም። ነጥቧን በጥፍሩ ጫፍ አንስቶ መብራቱ ሥር ያዛት። ሰሊጥ አታህልም። ግን ያ አረንጓዴ ነው፤ የበሩ፣ የሰኞ ጠዋቱ፣ በዓለም ላይ ከዚያ በር በቀር የትም የሌለው።

«ከሰኞ ዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት ጀምሮ» አለ ቀስ ብሎ። ጣቶቹን ይቆጥር ጀመር። «የሰኞ አራት፣ እስከ ዓርብ ሃያ፣ የዛሬ አራት። ሃያ ስምንት ሶላት ያለ ውዱእ ነው የሰገድኩት።»

«ለዚህች ነገር?» አለች ሚስቱ።

«ለዚህች ነገር።» ከዚያ ፊቱ ክፉኛ ተለወጠ። «ቆይ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክንዴን ዘርግቼ አይደል የማየው?»

እሑድ ጠዋት ሼኩን ያገኛቸው መስጊዱ መታጠቢያ ጋ ነው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይፈታሉ። ሁሉንም ነገራቸው።

«ሰኞ መሆኑን በምን አወቅክ?»

«ቀለሙ ይናገራል።»

ሼኩ መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ሌላው ሰው መጥቶ ምናልባት፣ መሰለኝ፣ ይለኛል። አንተ ከነሰዓቱ ይዘህ መጣህ። እንግዲያው ያወቅከውን ትደግማለህ። የጁምዓውን በዙህር አድርገው፣ አራት ረከዓ።»

«ሠላሳ ዓመቱስ?»

«ያን ጊዜ ቀለም አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ያላየኸውን ቀለም ልቀባልህ? ታጥቤያለሁ ብለህ እርግጠኛ ሆነህ ሰግደሃል፤ ጥርጣሬ ያንን አያፈርሰውም። ቤትህ ግባ።»

ቀለም ቀቢው ግን አልሄደም። «ከኋላዬ የሰገዱትስ? አንዱ ሽማግሌ ነው። ገና መመለሱ ነው።»

«አንተ አላወቅክም። እነሱም አላወቁም። የእነሱ ሶላት ሆኗል፣ የምትደግመው አንተ ነህ።»

«ልንገራቸው?»

«ግዴታ የለብህም» አሉ ሼኩ፣ መፍቻውን እያነሱ። «እንደ ልብህ አድርግ።»

ይህ ነው የከበደው። ግዴታ አለብህ ቢሉት ሄዶ ይናገር ነበር፤ ተው ቢሉት ይተው ነበር። እንደ ልብህ ሲባል ግን ልቡ ሁለት ሆነ። ቤቱ ገብቶ ሶላቱን በተራ ይደግም ጀመር። ስድስት ሰግዶ ያርፋል፣ ስድስት ሰግዶ ውሃ ይጠጣል። በየእረፍቱ ሚስቱ ታገኘዋለች።

«አትንገረው» አለች። «ሰውየው ተጎትቶ ነው የመጣ። አሁን ክሩን ብትስብበት ሁሉም ይተረተራል። እኔ ድሮም ለዚህ ነገር አልሆንም ብሎ ብሎኬቱን ይመልሳል።»

«እንከን የለውም ብዬዋለሁ እኮ።»

«ለእሱ የለውማ። ሼኩ ብለውሃል።»

«እሱ የጠየቀኝ እኔን ነው።»

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ተወችው። ያገባችውን ሰው ታውቀዋለች።

ሰኞ ግንበኛው ከደጁ ደረጃ ጎን ዝቅ ያለ ግንብ ይገነባል። ቀለም ቀቢው በዚያ ሦስት ጊዜ አለፈ፤ አንድ ጊዜ ብሩሽ ይዞ፣ አንድ ጊዜ ባዶ እጁን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለምን እንደሆነ እሱም ሳያውቀው መሰላል ተሸክሞ። በአራተኛው ግንበኛው ቀና ሳይል ተናገረ።

«ወይ ቁጭ በል፣ ወይ መንገድ ለውጥ። አቧራ አስነሳህብኝ።»

ቁጭ አለ። ስለ ውሃው፣ ስለ ዘይት ቀለሙ፣ ስለ ክርኑ ጭምድድ ነገረው። ሃያ ስምንቱን ነገረው። «የእርስዎ ሶላት ምንም አልሆነም፤ ሼኩን ጠይቄያለሁ። ግን እኔ እንከን የለውም ብዬዎት ነበር። ነበረው» አለ።

ግንበኛው ብሎኬቷን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ፣ በማንኪያው እጀታ መታ መታ አደረጋት፣ የተረፈውን ጠርዙ ላይ ጠረገ።

«አይቻታለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«አረንጓዴዋን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ? ያ መስታወት ለማማር ይመስለኝ ነበር።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስማ። ያን ቀን ብሎኬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አንተ ከፊት እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ቆመሃል። ቁጭ ላለ ሰው ክርንህ ልክ ዓይኑ ላይ ነው። ውስጤ ተነስና ሂድ ይለኛል። ሰው ሁሉ ቆሞ አንተ ሻይ ቤት እንደገባ ሰው ተቀምጠሃል ይለኛል። ልነሳም ነበር። ከዚያ ያችን ነጥብ አየሁ። ይህ ሰውዬ ጥፍሩን ሲመረምር ውሎ ውሎ ነጥብ ይዞ ጌታው ፊት ቆመ አልኩ። እሱ በነጥቡ ካልተባረረ እኔም በጉልበቴ አልባረርም አልኩ። ቀረሁ።»

ቀለም ቀቢው እጁን ወደ ክርኑ ሰደደ።

«በየቀኑ እሷን ፈልጌ ነው የምቀመጠው» አለ ግንበኛው። «ብነግርህ ታጠፋታለህ።»

«አሁን ጠፍታለች።»

«ክርንህን አይቻለሁ። የተላጠ ድንች መስሏል።»

«የእርስዎ ምንም አልሆነም ብለዋል ሼኩ።»

«እኔ አይቼ የሰገድኩትን ሼኩ አያውቁም። ከኋላህ የሰገድኳትን አሥራ አንዷን እደግማታለሁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ዕዳ ያለበት ሰው አሥራ አንድ ምን አላት?»

አዛን ሲል ግንበኛው ብሎኬቱን እየጎተተ መጣ። ቀለም ቀቢው ባልዲው ላይ ተቀምጦ መስታወቱን ሊያወጣ ሲል ግንበኛው እጁን ዘረጋ። «አምጣ እዚህ። አንተ አልታመንህም። ዘርጋ። አሁን እጠፍ። አሁን አዙር።» ኤሌክትሪሺያኑ ከዳር ሆኖ «ሙሽሪት ሚዜ አገኘች» አለ። ግንበኛው «ያንተንም አያለሁ፣ ተሰለፍ» አለው።

እንዲህ ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መሰለ። ሶላቱ ሲያልቅ ግን ግንበኛው ብሎኬቱ ላይ ተመቻቸና «ዛሬ ረዘመብኝ» አለ። ማክሰኞ ከኋላ ሲቁነጠነጥ ይሰማል፤ ብሎኬቱ መሬቱን ይፍቃል። ረቡዕ ከሰዓት በአስር ሶላት ላይ ሲሚንቶው ሊደርቅበት ሆነ። ባለመስታወቱ ያን ሰበብ ያውቀዋል። ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ቆመው ሰገዱ።

ሐሙስ ሥራ ቦታው ሁሉ የተነጋገረበት ነገር ሆነ። በባለመስታወቱ ሸሚዝ ላይ፣ በግራ እጅጌው ከኋላ በኩል፣ ጫፉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ተገኘች። ኤሌክትሪሺያኑ ነው መጀመሪያ ያያት፤ ሰው ጠርቶ አሳየ። የታይል ሠራተኞቹ ከሁለተኛ ፎቅ ወርደው አዩ።

«ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቀለም ጠብ አደረግክ?»

«እጄ አረጀ» አለ።

«በሩን ከቀባህ እኮ አሥር ቀን አለፈህ።»

«በሩን ጭረውት ነበር። ሳድሰው ነው።»

ቀትር ላይ ግንበኛው ሳይጠራ መጣ። መስታወቱን ተቀብሎ ክርኑን ፈተሸ፣ ንጹሕ ነው አለ፣ ብሎኬቱ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ብሎኬቱ አልተንቀሳቀሰም። ለአስር ሶላትም መጣ። ክሊኒኩ አልቆ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ ያንኑ ብሎኬት በጋሪ አስጭኖ ወሰደው፤ ሌላው ይቆረቁረኛል ብሎ።

ቀለም ቀቢው ይህ ሁሉ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ሃያ ስምንቱን፣ ክርኑን፣ መሰላል ተሸክሞ የተመላለሰበትንም ጭምር። ይህን የጻፈችውን ልጁን ሳትጽፈው እንድትተው የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ ሚስቱ ተኩሳ የሰቀለችውን ሸሚዝ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ልብስ ላይ ያለ ቀለም ሶላት እንደማያበላሽ ሼኩን አስቀድሞ ጠይቋል። ከዚያ ብልቃጡን ከፍቶ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካ አደረገ፣ ልጁን ከኋላው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እጅጌውን ክንዱ ላይ አጥልቆ የቱ ጋ ቢሆን እንደሚታያት ጠየቃት፣ ነጥቧንም እዚያው አኖራት።